ማስረጊያ

የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ተዳፋት ላይ ተቆፍሮ ጎርፉን ወደ መሬት የሚያሰርገውን ቦይ ውኃ ማስረጊያ ይሉታል። ይህን ቃል ለአየርም ልንዋሰው ይገባል። የአየር ንብረት ሰነዶች «ሲንክ» የሚሉት ሙቀት አማቂ ጋዝን ከከባቢ አየር የሚያስወግድን ሂደት ወይም ሥራ ነው፤ ማስረጊያ ብንለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ጋዙን የሚለቀው ደግሞ ምንጭ ነው።

አንዳንዶች «ማጠራቀሚያ» ብለው ይተረጉሙታል፤ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ሁለቱን ለየብቻ ነው የፈታቸው። ጎተራው ሙሉ ስለሆነ እህል እየገባ ነው ማለት አይደለም።

አገሮች ምንጫቸውንና ማስረጊያቸውን መዝግበው ሲያቀርቡ የሙቀት አማቂ ጋዞች ቆጠራ ይባላል። የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. የ2010 ልቀታችንን 150 ሚሊዮን ቶን አድርሶታል፤ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻና ከደን ነው።

በቦረና ተልተሌ ወረዳ ሲመሽ፣ በረት ውስጥ የተኛች ላም ስታመሰኳ በየመሀሉ ታገሳለች። ሆዷ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ሣሩን ሲያብላሉ የፈጠሩት ሚቴን ያኔ ይወጣል። ለቆጠራው ይህን ከእያንዳንዱ ከብት በመሣሪያ የሚለካ የለም፤ የከብቱ ቁጥር ተወስዶ በተመን ይባዛል። የራሳቸው ልኬት ለሌላቸው አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ከወተት ላም በስተቀር ለአንድ የአፍሪካ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ግራም፣ ለግመል 46፣ ለፍየል 5 ይተምናል።

ተመኑ የጠገበውን ከከሳው አይለይም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር የቦረና ከብት አለቀ። ቤተሰቦችን ባዶ እጃቸውን ያስቀረ ሞት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን የልቀት ቅነሳ ሆኖ ይነበባል። ይህን ሳያስታውሱ አኃዙን ብቻ ማንበብ በደል ነው።

የማስረጊያው ዓምድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግጦሽ መሬትን በእሳት ማቃጠል ከተከለከለበት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንደ ሰጳንሳ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ በቦረና ግጦሽ ተስፋፍቷል። ቁጥቋጦው እያደገ ካርቦን ስለሚይዝ በቆጠራው ማስረጊያ ነው፤ ለአርብቶ አደሩ ግን ሣሩን የነጠቀው ጠላት ነው። በአንጻሩ ለጥጆችና ለደከሙ ላሞች በእሾህ የሚታጠረው የግጦሽ ክልል፣ ካሎ፣ አለ። ሣሩ ሲያገግም ሥሩ ካርቦኑን ወደ አፈር ያወርዳል፤ ይህ ዓይን የማያየው ማስረጊያ ነው። በደፈናው «ግጦሽ መሬት» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ቆጠራው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወረዳው ካሎዎቹን ከነስፋታቸውና ከታጠሩበት ዓመት ጋር ለብቻ መዝግቦ መያዝ አለበት።