የእናት ርኅራኄና የሞት ጥላ በህዳሴ ሥዕል

የኢጣሊያ ሠዓልያን በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማርያምን ከሰማያዊ ዙፋኗ አውርደው ልጇን የምታጫውት ተራ እናት አደረጓት ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ግማሹን እውነት ብቻ የያዘ ነው።

ማሳቾ እ.ኤ.አ. በ1426 ገደማ የሣላትንና ዛሬ በፍሎሬንስ ኡፊዚ ቤተ መዘክር የምትገኘውን ትንሽ የእንጨት ላይ ሥዕል እንመልከት። እናቲቱ በሁለት ጣቶቿ የሕፃኑን አገጭ ሥር ትኮረኩራለች፤ እርሱም እጇን ጨብጦ ይፍለቀለቃል። በአንገቱ ላይ ግን ሕፃናትን ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ የሚታሰር ቀይ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ጨዋታው የደስታ ሲሆን ጌጡ የሥጋት ነው።

ሥጋቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1348 ወዲህ ወረርሽኙ እየተመላለሰ ከተማዪቱን ይፈጅ ነበር። ባለጸጋው ነጋዴ ልጁን እንደ ተወለደ በገጠር ለምትኖር አጥቢ ሴት ይሰጣል፤ ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ድኻይቱ እናት ደግሞ በ1445 ለተከፈተው ለኢኖቼንቲ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጇን ትታ የምትሄድበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ የማርያም ሥዕል በተሰቀለበት የነጋዴ መኝታ ቤት፣ የቤቲቱ እመቤት እቅፍ ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። ሥዕሉ የሚታየውን ኑሮ ከመቅዳት ይልቅ የጎደለውን ያሳይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የርኅራኄ ሠዓሊ ሲባል ራፋኤልን የሚያስቀድሙ ብዙዎች ናቸው። እናቱን በ8 ዓመቱ ያጣው ይህ ሠዓሊ በ1514 ገደማ የሣላት «ባለ ወንበሯ ማርያም» በእርግጥም ውብ ናት፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ጸሐፊ የቬኒሱ ጆቫኒ ቤሊኒ ይበልጥበታል።

ቤሊኒ በ1500ና በ1505 መካከል በሠራው፣ ለንደን በሚገኘው «የመስኩ ማርያም» በተባለው ሥዕል እናቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ የጣቶቿን ጫፎች አገጣጥማ ትጸልያለች። ራቁቱን የሆነው ሕፃን በጭኗ ላይ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ከበስተኋላ ቅጠል አልባ ዛፍ ላይ ጥቁር ወፍ ሰፍሯል። እንቅልፉ እንቅልፍ ብቻ እንዳይደለ የዘመኑ ተመልካች ወዲያው ይረዳው ነበር። ሠዓሊው ራሱ በዚያው ዘመን የሣለውና በቬኒስ አካዴሚያ ያለው ሌላው ሥዕል ነገሩን ይገልጠዋል፤ ያችው እናት አርጅታ፣ እንደዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከመስቀል የወረደውን የጎልማሳ ልጇን አስከሬን በጭኗ ይዛለች።