ሞያሌ፦ ከሳተላይቱ በላይ ግጦሹን የሚያውቁ ወጣቶች

ስለ ስማርት ግብርና ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት በቴክኖሎጂ የሚመራ መስኖን ነው። ኑሮ በከብት፣ በግመልና በፍየል ላይ በተመሠረተባት የኬንያዋ ሞያሌ ግን ቴክኖሎጂው ቀድሞ የደረሰው ለግጦሹ ነው።

ሞያሌን በሚያጠቃልለው የማርሳቢት ካውንቲ በአውሮፓውያኑ ጥር 2010 ያልተለመደ የእንስሳት መድን ለገበያ ቀረበ። ያዘጋጀው ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ነበር። የሞቱ ከብቶችን በየበረሃው ዞሮ መቁጠር ከሚሰበሰበው ዐረቦን በላይ ስለሚያስወጣ፣ መድኑ የሚያየው ሬሳን ሳይሆን ሣርን ነው። ከሳተላይት ምስል የዕፅዋት ልምላሜ ይለካል፤ ውጤቱ ካለፉት ዓመታት ልኬት እጅግ ዝቅ ካለ በዚያ አካባቢ መድን የገዛ ሁሉ ይከፈለዋል። የገዛ ላሙ መሞት አለመሞቷ አይጠየቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው የሞተውን ለመተካት የታሰበ ነበር፤ ኋላ ግን ከብቱ ሳይሞት መኖ፣ ውኃና መድኃኒት መግዣ እንዲሆን ቀድሞ መከፈል ጀመረ።

ሥራውን የመሩት ኬንያዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ አንድሩ ሙዴ በ2016 ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የኖርማን ቦርሎግ የመስክ ምርምር ሽልማት ተቀብለዋል።

ሆኖም ያልታየ ነገር የሚሸጥ ውል ነውና አስረጂ ይሻል። ዝናቡ ደህና ከሆነ የተከፈለው ዐረቦን እንደማይመለስ ለአንድ አዛውንት አርብቶ አደር ማስረዳት ቀላል አይደለም። ለዚህ ከየመንደሩ አስተዋዋቂዎች ተመለመሉ። ስልክ የለመደና ፊደል የቆጠረ፣ ሽማግሌዎችንም በቋንቋቸው የሚያነጋግር ወጣት ለሥራው የተመቸ ነው።

ወጣቱ ሻጭ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን ትልቁ ዕውቀቱ ባከነ ማለት ነው። ሳተላይት አረንጓዴውን ሁሉ ልምላሜ ይለዋል፤ ከብት የሚበላውን ሣር ከማይበላው ቁጥቋጦ አይለይም። እረኛ ይለያል። ይኸው ተቋም ካዝኔት በተሰኘ የስልክ መተግበሪያ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ነዋሪዎች የግጦሽ ፎቶና የገበያ ዋጋ እየላኩ አነስተኛ ክፍያ የሚያገኙበትን አሠራር የዘረጋው ለዚህ መሰሉ ክፍተት ነው። ሌላውን የዲጂታል ሥልጠና ሁሉ ቢያስንቅ አይገርምም።

በሞያሌ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ በድንበር ለሁለት ተከፍላለች፤ በኢትዮጵያ በኩል በቦረና ተመሳሳይ መድን በ2012 በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ተጀምሯል። ውሉ የሚታሰረው ከአስተዳደር ክልል ጋር ሲሆን መንጋው የሚከተለው ዝናብን ነው። በኬንያ በኩል ዋስትና የተገባለት ከብት ድርቁን ያሳለፈው ከድንበሩ ማዶ ሊሆን ይችላል። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ መንጋው የትኛው ውኃ ጋ እንደሰነበተ የሚያውቀው አብሮት የተጓዘው ወጣት ነበር።