የደመወዝ ማመልከቻ

በምሠራበት ባንክ የደመወዝ ጭማሪ ልጠይቅ ብዕር አነሣሁና «ክቡር ሥራ አስኪያጅ» ከሚለው አላልፍ አልሁ። ታሪክ ማንበብ ያዝሁ፤ የፈሪ ልማድ ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ወታደር ማመልከቻ አልጻፈም። የውኃ መሳቢያው ተበላሽቶበት መኮንኖቹ ከጉድጓዳቸው አናስቀዳም ቢሉት አሠራቸው። ሊያረጋጉ ለተላኩት ለሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ያንኑ ምግብ፣ ያንኑ ውኃ አቀረበላቸው። የካቲት 11 መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ለወታደሩ ደመወዝ ተጨመረ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ የካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ለአራት ቀናት የዘለቀውን ጠቅላላ አድማ መታ። ደመወዝ ያለው ሁሉ ጠየቀ።

የትውልድ መንደሬ ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ ናት። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ የከዳው የወሎ ገበሬ በዚሁ ጎዳና ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። ጭማሪ የሚጠይቀው አሠሪ አልነበረውም። አያቴ ያን ዘመን ሲያነሡ «ክፉ ቀን» ብለው ዝም ይላሉ፤ ከቆሙት መካከል ነበሩና።

ማመልከቻው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ክቡር» የሚለውን ሰርዤ ቀጠልሁ።