የተደፈነው ግድግዳ፦ በቀል በፖ ልቦለድና በይፋት ታሪክ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ያገራችን ብሂል የቂምን ጠባይ በአጭሩ ይገልጸዋል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ያሳተመው «የአሞንቲላዶ በርሜል» የተሰኘው አጭር ልቦለድም የቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው።

ተራኪው ሞንትሬሶር ከፎርቱናቶ ብዙ በደል እንደ ደረሰበትና በመጨረሻም እንደ ተሰደበ ይናገራል። በአንድ የካርኒቫል ምሽት፣ በወይን ጠጅ አዋቂነቱ የሚኮራውን ይህን ሰው አታልሎ የቤተ ሰቡ አፅም ወደ ተከማቸበት ምድር ቤት ያወርደዋል። እዚያም በሰንሰለት አስሮ፣ መውጫውን በድንጋይ ገንብቶ ከነሕይወቱ ይደፍንበታል።

ደራሲው የበቀልን ምንነት የሚያስረዳን በምሳሌዎች ነው። ፎርቱናቶ ማለት «ዕድለኛ» ማለት ሲሆን፣ ዕድለኛው የቀልደኛ ልብስ ለብሶ፣ ባለ ቃጭል ቆብ ደፍቶ ወደ ሞቱ ይሄዳል። ከግድግዳው በስተጀርባ በመጨረሻ የሚሰማውም የዚያ ቃጭል ድምፅ ነው። የሞንትሬሶር ዘር ዓርማ ደግሞ እባብ የሚረግጥ የወርቅ እግር ነው፤ እባቡም ተረከዙን ነክሷል። ረጋጩ ማን፣ ነካሹስ ማን እንደ ሆነ ደራሲው አይነግረንም። በበቀል ጊዜ ሁለቱ ይመሳሰላሉና።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያልተነገረው ነገር ነው። ስድቡ ምን እንደ ነበረ ሞንትሬሶር አንድም ጊዜ አይገልጽም። በደሉን ለበዳዩም ሆነ ለሦስተኛ ወገን ሳያሰማ፣ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ፈጻሚ ይሆናል። ከኀምሳ ዓመት በኋላ ታሪኩን ሲተርክ ለሟቹ ዕረፍትን ይለምናል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የተደፈነው ፎርቱናቶ ብቻ ሳይሆን የሞንትሬሶርም ኅሊና ነበር።

እንዲህ ያለ ምድር ቤት በእኛም ታሪክ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በይፋት የወላስማ መሐመድ መቀመጫ በነበረው በጎንቾ፣ የንጉሡ ወንድሞች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ እንደ ነበር በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጽፏል። የእስራቱ ምክንያት ቂም ሳይሆን የዙፋን ሥጋት ነበር። ሆኖም መልእክተኛው በሸዋ ሳለ ንጉሡ እስረኞቹን ፈቷቸዋል። በፖ ድርሰት እንደ ተዘጋ የቀረው በር በጎንቾ ተከፍቷል።

ዛሬ ይህን ልቦለድ በአጣዬ የሚያስተምር መምህር ርእሱን ከሩቅ አገር እንደ መጣ ነገር ሊያየው አይችልም። ከተማይቱ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ስትቃጠል ብዙ ቤት ወደ አመድ ተለውጧል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚገናኝበት በዚህ ምድር፣ ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌ ፊት የሚቀመጡበት ልማድ አለ። የሽምግልና የመጀመሪያው ሥራ በደሉን ማናገር ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ይነገራል፣ ይደመጣል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ሞንትሬሶር ያጣው፣ ወይም ያልፈለገው፣ ይህንን ሸንጎ ነበር። የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻም ከዚሁ ይጀምራል፤ ያልተነገረው በደል በአደባባይ ቃል እንዲያገኝ ማድረግ።