ሳይለኩ መተንበይ፦ የሞተር ፈረስ ጉልበት ስሌት አጭር ታሪክ

ሞተር ገና በብረት መልክ ሳይገጣጠም ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ በወረቀት ላይ ለማወቅ መሻት ከሞተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ምኞት ነው። ዛሬ ይህን ምኞት፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በትርፍ ሰዓቱ አሮጌ ሞተር እያደሰ የሚገጣጥም ሰው ከእራት በኋላ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይፈጽመዋል። የሲሊንደሩን ስፋት፣ የፒስተኑን ጉዞ፣ የቫልቮቹን መጠንና የካምሻፍቱን ልክ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ወዲያው የጉልበቱን ኩርባ ይስልለታል፤ ከኩርባውም ጫፍ ላይ፣ 387 እንበል፣ አንድ ቁጥር ይነበባል። ሰውየው በዚህ ቁጥር ተማምኖ ካምሻፍት ይገዛል፣ የቴስታታውን የአየር መተላለፊያ ያስሞርዳል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን ኪሳራውን የሚመልስለት የለም። ስለሆነም ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣ፣ ምን ያህሉ ስሌት ምን ያህሉም ግምት እንደ ሆነ መመርመር ለሙያው ሰዎች የሚገባ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የፈረስ ጉልበትን መለኪያ ያደረገው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ዋት ነው። ደንበኞቹ ፈረስን እንጂ እንፋሎትን የማያውቁ በመሆናቸው በሚገባቸው ቋንቋ ለመናገር ሲል፣ አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ ያደርጋል ብሎ ወሰነ። ይህን ያህል ሥራ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፈረስ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ መለኪያው ገና ሲወለድም የነጋዴ ግምት ነበረበት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በ1821 ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ የሞተርን ጉልበት በፍሬን ይዞ የሚለካበትን መሣሪያ ሠራ፤ በ1877ም እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ የፍሬኑን ሥራ በውኃ እንዲሠራ አደረገ። በዛሬዎቹ የሞተር መፈተኛ ክፍሎች የሚታየው ዳይናሞሜትር የእነዚህ ዘር ነው። ይሁን እንጂ ፍሬን የሚለካው በእጅ ያለውንና የሚሠራውን ሞተር ብቻ ነው። ያልተሠራውን ለመለካት ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

ከነዚህ መንገዶች እጅግ የታወቀው፣ እጅግም አስተማሪ የሆነው፣ የብሪታንያው ሮያል አውቶሞቢል ክለብ ቀመር ነው። ቀመሩ ከ1910 ጀምሮ ለመኪና ግብር ያገለገለ ሲሆን አሠራሩ ማንም ጸሐፊ ሊያሰላው የሚችል ነበር፤ ይኸውም የሲሊንደሩን ዲያሜትር በኢንች ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ የተገኘውን በሲሊንደሮቹ ቁጥር ማባዛት፣ ከዚያም ለ2.5 ማካፈል ነው። የፒስተኑ ጉዞ ርዝመት በሂሳቡ ውስጥ የለም፤ የዙሩ ፍጥነትም የለም። እነዚህ የቀሩት ግን ተረስተው አይደለም። ቀመሩን ያወጡት ሰዎች ማናቸውም ፒስተን በደቂቃ 1,000 ጫማ ይጓዛል፣ በላዩም በየካሬ ኢንቹ 90 ፓውንድ አማካይ ግፊት ያርፍበታል፣ ከሚገኘውም ኃይል 75 ከመቶው ከሰበቃ ተርፎ ይወጣል ብለው ስለ ቈረጡ ነው። ሂሳቡን ሠርቶ ለማየት የፈለገ አንባቢ 2.5 የተባለው አካፋይ ከነዚህ ሦስት ግምቶች እንደሚወጣ ያረጋግጣል።

ለጊዜው እነዚህ ግምቶች ከእውነት የራቁ አልነበሩም። ነገር ግን ሞተሮች በፍጥነት ሲሻሻሉ ቀመሩ በነበረበት ቆመ፤ ከ1921 ጀምሮም ግብሩ በየፈረስ ጉልበቱ አንድ ፓውንድ ስተርሊንግ ሆነ። ቀመሩ የሚቈጥረው ዲያሜትርን ብቻ በመሆኑ የእንግሊዝ ነዳፊዎች ሲሊንደሩን እያጠበቡ የፒስተኑን ጉዞ ማርዘም ጀመሩ። ጠባብ ሲሊንደር ለትልቅ ቫልቭ ቦታ የለውም፤ ረጅም ጉዞም ሞተሩ በፍጥነት እንዳይዞር ያግደዋል። ከዚህም የተነሣ ሞተርን ለመገመት የተሠራው ቀመር ሞተሩን ራሱን በአምሳሉ ቀረጸው። ይህ የግብር ሥርዓት የቀረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። ፋብሪካዎቹ ሞተሩን በእውነት በዳይናሞሜትር ይለኩ ነበር፤ የሚለኩት ግን ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ መኪናው ማርሚታና ያለ ሌላ ተጓዳኝ ሸክም፣ እርቃኑን አስቀምጠው ነው። ከ1972 ዓመት ሞዴል ጀምሮ በመኪናው ላይ እንደሚገጠመው ሆኖ የተለካው የተጣራ ቁጥር በይፋ ሲታተም፣ በ1971 365 የፈረስ ጉልበት ይባል የነበረው 8.2 ሊትሩ የካዲላክ ኤልዶራዶ ሞተር በ1972 235 ተብሎ ወጣ። ገዥው 130 ፈረስ የጠፋበት መሰለው፤ የጠፋው አብዛኛው ግን ከወረቀቱ ነበር። የትርፍ ጊዜ ገጣሚው ፕሮግራሙ የሰጠውን ቁጥር በድሮ መጽሔት ከታተመ ቁጥር ጋር ሲያወዳድር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ወደ እውነተኛው ትንበያ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው መሐንዲሶች ከብረቱ ይልቅ አየሩን መከተል በጀመሩ ጊዜ ነው። ሞተር በመሠረቱ የአየር ፓምፕ ነው፤ በየዙሩ ምን ያህል አየር እንደሚይዝ ያወቀ ሰው ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያቃጥልና ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ በአብዛኛው ያውቃል። በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ፋየት ቴይለር በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አየሩ በመግቢያው ቫልቭ በኩል የሚያልፍበት ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር ያለውን ንጽጽር መለኪያ አድርገው፣ ንጽጽሩ ከግማሽ ገደማ ሲያልፍ የሲሊንደሩ የአየር ሙላት ፈጥኖ እንደሚወድቅ አስረድተዋል።

ነገር ግን አየር በቧንቧ ውስጥ እንደ ውኃ ዝም ብሎ አይፈስም፤ ይመታል፣ ይነጥራል። የማስወጫው ቫልቭ ሲከፈት የግፊት ሞገድ በቧንቧው ይሮጣል፤ ክፍት ጫፍ ሲደርስ የመሳብ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። በጋለው ጭስ ውስጥ ሞገዱ በሴኮንድ 550 ሜትር ገደማ ይጓዛል ብንል፣ 80 ሴንቲሜትር ቧንቧ ሄዶ ለመመለስ 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በዚሁ ጊዜ ከ100 ዲግሪ በላይ ዞሯል። እንግዲህ የቧንቧው ርዝመት ሞገዱ በደኅና ሰዓት ወይም በክፉ ሰዓት እንዲደርስ ይወስናል ማለት ነው።

ይህን በተግባር ያሳየው ሰው ኮምፒዩተር አልነበረውም። በምሥራቅ ጀርመን በጾፓው ከተማ፣ በኤም ዜድ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የሠራው ዋልተር ካደን በ1950ዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮችን ማስወጫ እየለካና እየለወጠ በ1961 ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አገኘ፤ ይህም በሊትር 200 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የቡድኑ ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ውድድር ላይ ከድቶ ወደ ምዕራብ ሲሻገር ምሥጢሩ አብሮት ለጃፓኑ ሱዙኪ ደረሰ፤ በ1962ም ዴግነር በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ዓይነት ዕውቀት የሚገኘው በመክዳት ወይም በዓመታት ሙከራ በነበረበት ዘመን ስሌት ምን ያህል ይፈለግ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የሂሳቡ መሠረት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ተጥሎ ነበር። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ በርንሃርድ ሪማን በ1860 በአየር ውስጥ የሚጓዙ ኃይለኛ ሞገዶች እንዴት እንደሚተላለፉ ጽፏል፤ እርሱ ስለ ማርሚታ ማሰቡን እጠራጠራለሁ። ይህን ዘዴ ለሞተር በዲጂታል ኮምፒዩተር ካዋሉት መካከል ቀደምት የሆኑት በሊቨርፑል፣ በኋላም በማንቸስተር ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሮውላንድ ቤንሰን ሲሆኑ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1964 ያወጡት ጽሑፍ ለተከታዮቹ ሁሉ መነሻ ሆኗል። በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ጎርደን ብሌር ዘዴውን ባለ ሁለት ምት የውድድር ሞተሮችን ለመንደፍ አዋሉት። ብሌር በ1990 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ የፕሮግራሞቹን ጽሑፍ በቤዚክ ቋንቋ አሳተሙ። የግል ኮምፒዩተር ያለው አንባቢ ገልብጦ ሊጽፈውና ሊያሠራው ይችል ነበር፤ በእኔ አስተያየት ዕውቀቱ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ጋራዥ የተሻገረበት እውነተኛው በር ይህ ነው።

ወዲያው በ1990ዎቹ በአሜሪካ ለትርፍ ጊዜ ገጣሚዎች የተዘጋጁ ርካሽ ፕሮግራሞች ተስፋፉ። ዴስክቶፕ ዳይኖ የተባለው ሲሊንደሩን የሚሞላና የሚፈስ ዕቃ አድርጎ ብቻ ያሰላ ነበር፤ ዳይኖሜሽን የተባለው ደግሞ የሞገዱን ጉዞ ጭምር ይከተላል። በመጀመሪያው ዓይነት ፕሮግራም ቴስታታውና ማስወጫው በልኬት ሳይሆን በስም ከዝርዝር ይመረጡ ነበር፤ «የተሞረደ ቴስታታ»፣ «ቀጭን ቧንቧ» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሮያል አውቶሞቢል ክለብ መንፈስ ተመልሶ ይታያል፤ ግምቱ ከቀመሩ አካፋይ ወጥቶ ከምርጫው ዝርዝር ገብቷል። የረቀቁት ፕሮግራሞችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ቤንዚኑ በምን ፍጥነት እንደሚነድ የሚገልጹት የሶቪየቱ መሐንዲስ ኢቫን ቪቤ ባወጣው ኩርባ፣ ሙቀቱ ወደ ግድግዳው የሚያመልጠውን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ቮሽኒ በ1967 ባወጣው ቀመር ነው። ሁለቱም ከልኬት የተወሰዱ መግጠሚያዎች እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ግን ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሚሰጠው መረጃ ይመጣል። በአሜሪካ ገጣሚዎች ዘንድ እጅግ የታወቀውን 5.7 ሊትር የሼቭሮሌት ሞተር እንውሰድ። የአየር ሙላቱ 85 ከመቶ ሲሆን 300 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ብንል፣ ሌላው ሳይለወጥ ሙላቱ 95 ከመቶ ነው ብሎ መሳት ብቻውን 335 ያደርሰዋል። እንዲህ መሳት ደግሞ ቀላል ነው። የካምሻፍት ሻጭ «270 ዲግሪ» ብሎ የሚያስታውቀው ብዙ ጊዜ የማንሻው ጉዞ ገና 0.006 ኢንች ሲሆን የተለካ ሲሆን፣ ያው ካምሻፍት በ0.050 ኢንች ሲለካ 220 ገደማ ይሆናል፤ አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ሰው ሌላ ሞተር አስልቷል። የቴስታታ የአየር ፍሰትም እንዲሁ ነው። በ28 ኢንች የውኃ ግፊት የተለካ ፍሰት በ10 ኢንች ከተለካው 1.67 እጥፍ ነው፤ የቁጥሩ ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ግፊቱን አይጽፍም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ካልታዘዙ በቀር የሚያሰሉት በባሕር ወለል ላይ ላለ ቀዝቃዛ ቀን ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ተርቦ የሌለው ባለ 300 ሞተርም እዚህ ከ225 ብዙም የሚርቅ አይሆንም። ፕሮግራሙ የባሮሜትር ቁጥር ሲጠይቅ ቦታውን ባዶ ትቶ ያለፈ ሰው የመሐንዲሱን ስሌት ሳይሆን የሌላ አገር አየር ወስዷል።

በእኔ ፍርድ ፕሮግራሞቹ ከንቱ አይደሉም፤ የሚጠቅሙበትን ቦታ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። «ይህ ሞተር ስንት ይሰጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሳቸው ደካማ ነው፤ «ቧንቧውን በ10 ሴንቲሜትር ባሳጥር ጉልበቱ ወዴት ይሄዳል?» ለሚለው ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ በሁለቱ ስሌቶች ውስጥ ያሉት ያልታወቁ ግምቶች አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ በልዩነቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ያንሳልና። ጠንቃቃው ገጣሚ አስቀድሞ በዳይናሞሜትር የተለካ ሞተር ያስገባል፤ ስሌቱ ከልኬቱ ጋር እስኪገጥም ድረስ የሰበቃውንና የንዳዱን ግምት ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ካምሻፍቱን የሚገዛው ከዚያ ወዲያ ነው።