የዓድዋ ጠመንጃ ሲባል

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ጠመንጃ «የዓድዋ ምርኮ ነው» እየተባለ ይነገርለታል። ንግግሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ በአንድ ጦርነት ላይ መዋሉ የሚረጋገጠው ብረቱ የሚያሳየውና ሰው የጻፈው ሲስማሙ ነው። ብረቱ ብቻውን ይበልጥ የሚያገለግለው የተሳሳተውን ለማስተባበል ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦር በብዛት የታጠቀው ቬተርሊ ቪታሊ የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ይህ ጠመንጃ በመጀመሪያ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ሲሆን፣ ከ1887 እ.ኤ.አ. ወዲህ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨምሮለታል። የጥይቱ ውፍረት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። በመተኮሻ ቱቦው ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል፤ ተርኒ፣ ብሬሺያ፣ ቶሪኖ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚያስት ነገር አለ። የተቀረጸው ዓመት የአውሮፓ ነው። «1890» የሚለውን ያየ ሰው ጠመንጃው ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ የተሠራ ሊመስለው ይችላል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን 1882 ወይም 1883 ዓ.ም. ነው። «1888» የሚለውን ያየም ዓመቱን ከድሉ ጋር ለማገናኘት ይቸኩላል።

ከዚህ ይልቅ ቁርጥ ያለ ማስረጃ የሚሰጠው የቱቦው ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢጣልያ የጠመንጃ እጥረት ስለ ገጠማት፣ አሮጌውን ቬተርሊ አስፍታ በመሰርሰር ውስጡ ሌላ ቱቦ አስገብታ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለወጠችው። እንግዲህ ቱቦው እንዲህ የጠበበ ቬተርሊ በዓድዋ ሜዳ ሊማረክ ከቶ አይችልም፤ ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ ነው።

ከኢጣልያ የመጣ ሁሉ ምርኮ ነው ማለትም አይቻልም። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ኢጣልያ ራሷ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገለልተኛ እንዲሆኑላት 5,000 ሬሚንግተን ልትሰጣቸው ተዋውላ ነበር።

ብረቱ ይህን ያህል ይናገራል፤ ማን እንደ ማረከው ግን አይናገርም። ለዚህ የሚያስፈልገው የመሣሪያው ቁጥር የተጻፈበት የስጦታ፣ የውርስ ወይም የግምጃ ቤት ወረቀት ነው። የመቀባበያው ቁጥር ከቱቦው ቁጥር የተለየ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለየትኛው ክፍል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ለማሳመር ሲሉ ብረቱን በሸካራ ወረቀት የሚፍቁ፣ ሰደፉንም በአዲስ የሚተኩ ሰዎች የሚያጠፉት ይህንኑ ማስረጃ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ከማን እጅ እንደ መጡ ከየቁጥራቸው ጋር ሳይመዘገብ ለወጡት፣ ገዢው የሚያገኘው የፋብሪካውን ከተማና ዓመት ብቻ ነው።