ቁርጭምጭሚት የማያልፍ አስታ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንድ ወግ አለችኝ። የብስክሌት ወግ ናት። ሆላንድ አገር፣ በነሐሴ ማገባደጃ፣ አንድ ቅዳሜ ላይ የሆነች። ታዲያ ጅማሬዋ ሆላንድ አይደለም፤ መንዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንዝ እንውጣ፣ ከዚያ እንወርዳለን።

ያደግሁት ጓሳ ጥግ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ የሚጀምር፣ ጉም የማይለየው፣ ጭላዳ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት ደጋ ነው። ሣሩም ጓሳ ይባላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከሣሩ መሀል መሀል አስታ ይበቅላል። አስታን የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባው ነጭ፣ እያንዳንዷ አበባ ደቃቅ ደወል ናት። በግ ስጠብቅ ውርጩ ሲጠናብኝ የበግ ፀጉር ባናዬን ተከናንቤ የምጠለለው አስታ ሥር ነበር። ሰሜን ተራራ ላይማ አስታ ዛፍ ይሆናል፤ ሰው ከነበቅሎው ያስጠልላል።

ይህን ያዙልኝ። አሁን እንውረድ።

የምኖረው ዝዎለ በምትባል የሆላንድ ከተማ ነው። እዚያ ጋሼ የምለው፣ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ አገሩን የለመደ ሐበሻ ጎረቤት አለኝ። «አንተ የመንዝ ልጅ» አለኝ አንድ ማታ፣ «ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ አስፋልት ላይ ብቻ ስትመላለስ ዓይንህ ፈዘዘ። ቅዳሜ ኮረኮንች አሳይሃለሁ።»

«ሆላንድ ውስጥ ኮረኮንች አለ እንዴ ጋሼ?»

«ሞልቷል፤ ያውም የሚመች።»

ሁለት ብስክሌት ነበረው። መሪያቸው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ ጎማቸው ግን ወፈር ይላል፣ 40 ሚሊሜትር፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርስ አለው። ፈረንጆቹ የጠጠር ብስክሌት ይሉታል፤ እኔ የኮረኮንች ብስክሌት ብየዋለሁ። ልንነሳ ስንል ጋሼ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ይሄማ ድንጋይ ሆኗል» ብሎ ነፋስ አስወጣለት። ጎማ ጠጥሮ ከተነፋ እያንዳንዷ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ክንድና ወገብ ይሰብራል፤ ላላ ሲል ግን ጠጠሩን እየዋጠ ያልፋል። «ጣትህ ትንሽ ይግባበት፣ ብዙ አይግባ» አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ የምለካው በጣቴ ነው።

ብስክሌቱን በባቡር ጭነን ድሬንተ ወደሚባለው ክፍለ አገር ሄድን፤ ቤይለን ጣቢያ ወረድን። ድሬንተ የሆላንድ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ተራራ የለውም፤ የሄድንበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 20 ሜትር እንኳ አይሞላም። ካርታ አላወጣንም። እዚያ አገር የብስክሌት መንገድ በተገናኘበት ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል፤ የምታልፍባቸውን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ መሪው ላይ ትለጥፋለህ፣ አለቀ። ዘዴውን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል የቤልጅየም የማዕድን መሐንዲስ ነው። በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መገናኛዎች በቁጥር ይታወቁ ነበርና ያንን ከጨለማ አውጥቶ ለብስክሌተኛ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጅየም ሊምቡርግ ተጀምሮ ሆላንድን አዳረሰ።

ጫካው ውስጥ ስንገባ ጽድ መሳይ ዛፎች ቀጥ ባለ መስመር ተሰልፈው ቆመዋል። የተተከሉ መሆናቸው ያስታውቃል። ድሮ የሜዳው አሸዋ በነፋስ እየተነሣ እርሻ ሲያለብስ መሬቱን ለመያዝ ተተከሉ፤ ግንዳቸውም ለከሰል ጉድጓድ ምሰሶ ይፈለግ ነበር። ትንሽ አልፈን ሌደርዛንድ ከሚባለው ቦታ ስንደርስ ግን ሰው ያልተከለው ነገር አየሁ። ጠቆር ያለ፣ የሚዋጋ ቅጠል፣ ሰማያዊ ፍሬ። አንዷን ፍሬ በጣቴ ፈርክቼ አሸተትኳት። ጽድ! የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጽድ! ቁመቱ አጠር፣ ዘሩ ለየት ይበል እንጂ የኛ ጽድ የሥጋ ዘመድ ነው። ሽታው እንደሆነ አንድ ነው።

እዚያው ሌደርዛንድ ወደቅሁ። መንገዱ ድንገት ጠጠሩን ጨርሶ ነጭ አሸዋ ሆነ፤ ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ፣ የፊት ጎማዬ ሰመጠ፣ እኔ በመሪው ላይ አለፍኩ። ክርኔ ተላጠ። ጋሼ መጥቶ ክርኔን በውሃ አጠበልኝና እንዲህ አለኝ፦ «አሸዋ ላይ ፍሬን አትያዝ፣ መሪውን አትጨብጥ። ወደ ኋላ ተቀመጥ፣ ማርሽ አቅልል፣ እግርህ አይቁም። መሪው ትንሽ ይወዛወዝ፣ ተወው፤ ብስክሌቱ መንገዱን ራሱ ያገኛል።» ሁለተኛው አሸዋ ላይ እንዳለኝ አደረግሁ። መሪው በእጄ ውስጥ እንደ ዓሣ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ተውኩት፣ አለፍን።

ከጫካው ስንወጣ ሐይቆቹ ጀመሩ። ትንንሽ ናቸው፤ በገሚሶቹ ላይ ድንጋይ ወርውረህ ታሻግራለህ። ወንዝ አይገባባቸውም፣ ዝናብ ብቻ ነው የሚሞላቸው። ውሃቸው የጠላ መልክ አለው፤ ከሥር ያለው የበሰበሰ ተክል ነው ያጠቆረው። በድሬንተ አንዳንዱ ሐይቅ ክብ የሆነው በበረዶ ዘመን ምክንያት ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ በረዶ ክምር እየተለወጠ አፈሩን ወደ ላይ ገፍቶ ጉብታ ሠራ፤ አየሩ ሞቆ በረዶው ሲሟሟ ጉብታው ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ያ ጉድጓድ ዛሬ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን። ከሜዳው ጫፍ 25 ሜትር ስፋት ያለው የድዊንገሎ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲመረቅ ከሚዞሩት ሁሉ በዓለም ትልቁ ነበር። ቦታው የተመረጠው የሬዲዮ ሞገድ ረብሻ ስለማይበዛበት፣ ለጸጥታው ነው። እኔም ዳቦዬን ሳኝክ የሰማሁት የራሴን መንጋጋ ነበር።

ከዚያ ሜዳው ተከፈተ።

ምን ልበላችሁ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሐምራዊ ነው። ድዊንገልደርፌልድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ 3,700 ሄክታር አካባቢ። ሄይደ ይሉታል እንዲህ ያለውን ሜዳ። ያን ጊዜ መንዝ ክረምት ነው፣ አደይ ገና አልፈነዳም፤ እዚህ ግን የአበባው ወር ነሐሴ ነው። ደቃቅ ጠጠር የለበሰው መንገድ አበባውን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ጎማው ከሥሬ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። ረጠብ ያለ ቦታ ላይ ለብቻው የቆመ፣ ሮዝ አበባ ያለው ተክል አየሁና ብስክሌቴን አጋድሜ ተንበረከክሁ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ አራት አራት እየሆነ ግንዱን በመስቀል ቅርጽ ከቦታል። ከላዩ አበቦቹ ተንጠልጥለዋል። ደወል ናቸው። ወደ ታች የተደፉ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ ትንንሽ ደወሎች።

«ጋሼ፣ ይሄ አስታ ነው!»

«ሄይደ ነው» አለኝ።

አስታ ነበር። በሳይንሱም ኤሪካ ከሚባለው ከአስታ ወገን ነው፤ ሜዳውን ሐምራዊ ያለበሰው ሌላውም የቅርብ ዘመዱ ነው። በሰሜን ተራራ ሰው የሚያስጠልለው፣ እዚህ ቁርጭምጭሚቴን አያልፍም። እጄን ዘረጋሁበት። ሲዳስሱት ያው ነው፣ ሻካራ፣ ደረቅ፣ እየተንኮሻኮሸ የሚመለስ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጋሼ አይቶ ዝም አለኝ፤ ስለዚያ ዝምታ አመሰግነዋለሁ።

በጎቹ የመጡት ያኔ ነው። የድሬንተ የሄይደ በግ፣ ቀጭን እግር፣ ረጅም ጅራት፣ እናቲቱም ጭምር ብዙ ጊዜ ቀንድ ያላት። ከኋላቸው በትር የያዘ እረኛ፣ ከጎናቸው ሁለት ውሻ። የበግ ጠረን ከሩቅ አወቅሁት፤ ዝናብ የነካው ባና ጠረን ነው። ጋሼ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለና የእኔን አገር ነገረው። እረኛው በትሩን ተደግፎ ቆመልን።

የነገረንን ላሳጥርላችሁ። ይህ ሜዳ በራሱ የቆመ አይደለም። ሰውና በግ ናቸው የሠሩት። የድሮ ገበሬዎች የሄይደውን አፈር ከነሥሩ እየላጡ በረት ውስጥ ያነጥፉት ነበር፤ ከበግ ፋንድያ ጋር ሲብላላ አውጥተው እርሻቸው ላይ ይበትኑታል። አሸዋማው መሬት እህል ያበቀለው በዚህ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ከአውስትራሊያም ርካሽ ሱፍ ሲገባ፣ በጉ ዋጋ አጣ፤ አብዛኛው ሜዳ ታርሶ ወይም ዛፍ ተተክሎበት አለቀ። የተረፈውም በግ ካልጋጠው በጥቂት ዓመት ውስጥ የበርች ችግኝ ይወርሰዋል። አሁን ደግሞ ከከብት እርባታው የሚነሣው አሞንያ በአየር መጥቶ መሬቱን ያወፍረዋል፤ አስታው የሚወደው ደካማ መሬት ነው፣ መሬቱ ሲወፍር ሣር ይበረታበታል።

ተራው የእኔ ሆነ። ጓሳ ላይ የኛ ሥጋት ተቃራኒው እንደሆነ ነገርኩት፤ ብዙ ከብት፣ ብዙ ማጭድ። አባቶቻችን ቄሮ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ይዞ የመጣ። የተመረጠው አለቃ፣ አባ ቄራ የሚባለው፣ ሜዳውን ይዘጋዋል፤ ለዓመታት ማንም ሣር አያጭድበትም፣ ከብት አያሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ይታወጅና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቆመው። እረኛው ይህን ሲሰማ በትሩን ከክንዱ ወደ ክንዱ አዛወረ፤ በጋሼ በኩል «ዘግተው የሚቆዩት ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሦስትም፣ ከዚያ በላይም፤ ሣሩ ነው የሚወስነው» አልኩት። ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ፣ ለውሾቹ አፏጨ፣ መንጋው እንደ ውሃ መንገዳችንን ሞልቶ ፈሰሰ። ብስክሌቶቻችንን አቅፈን እስኪያልፍ ቆምን፤ ሱፉ ባታችንን እየዳበሰ አለፈ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩና በስልኩ ያነሣሁትን ምስል አሳየኋት። ጉም ውስጥ ናት፣ ጋቢ ደርባ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። አበባውን አይታ «ሰፊ ነው» አለች። አስታውን ሳሳያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ ቆየች፤ «ምነው እንዲህ አነሰ ልጄ፣ በረደው?» አለች። በጎቹ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተነሣ።

«ፀጉራቸው ባና ይወጣዋል?»

«አልጠየቅሁም እማዬ።»

«ጠይቅ እንጂ!»

የፊታችን ቅዳሜ ጋሼና እኔ የሰባት ሰዓቱን ባቡር እንይዛለን።